ከቃጠሎው በኋላ እኔና እህቴ

ቁስሌ ከደረቀ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። «ድኛለሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር የጀመርኩት ግን ገና ካቻምና ነው። በመካከሉ ስላለው ጊዜ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለ ቃጠሎዬ የሚጠይቀኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እሳቱ ነው። እሳቱ እኮ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። እኔን ያደከመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አሁን የሆነ ቦታ ተኝታ ጣራ ጣራ የምታይ ሴት፣ ወይም እንዲያ ያለች ሴት የምታስታምም፣ ብታነበው ብዬ ነው የምጽፈው። ቀኝ እጄን ብዕር ቶሎ ስለሚያደክመው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነው የጻፍኩት። ቢቆራረጥባችሁ በዚያ ይታለፍልኝ።

ስሜ አለምነሽ ነው። ያኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። ከኮምቦልቻ ወደ ጅቡቲ ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ፣ ጋቦዴ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። ታናሽ እህቴን ሰናይትን፣ ሰኒ ነው የምላት፣ ያስመጣኋት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሸኛት በስልክ «አደራሽን፣ ልጅ ናት» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ለእናቴ ግን ልጅ ነበረች፤ ለእኔም። ሰኒ ካርቲየ 6 በሚባል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ሰሃን ታጥብ ነበር፤ እዚያው ሰፈር የቆርቆሮ ግድግዳ ያላት አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። እኔ ወደዚያች ክፍል የምመጣው ዓርብ ዓርብ ነው፤ እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ ነው፤ ከበረሃ የሚነሣው ትኩስ ነፋስ ከተማውን አቧራ በአቧራ ባደረገበት ሰሞን። ሰባት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሰኒ ሽንኩርቱን ከትፋ፣ ምድጃውን ሞልታ ጠበቀችኝ። ክሩ ወደ ላይ እየተሳበ የሚለኮስ የላምባ ምድጃ ነው። ሙቀቱ አላስቀምጥ ስላለኝ ልብሴን ቀይሬ ድሪያ ለበስኩ፤ የዚህ አገር ሴቶች ቤት ውስጥ የሚለብሷት ስስና ሰፊ ቀሚስ ናት። የእኔዋ ናይለን ነበረች። ጎንበስ ብዬ ክብሪት ጫርኩ።

ከመጫሬ በፊት ሸቶኝ ነበር። ይህን ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። የላምባ ሽታ አይደለም፣ የቤንዚን ነው። አከራያችን ለጄኔሬተሩ ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ አድርጎ ከበሩ ጀርባ ያስቀምጥ ነበር፤ እኛም ላምባችንን በተመሳሳይ ፕላስቲክ እዚያው ጎን እናስቀምጥ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ገብቷል፤ ግን ርቦኛል፣ ደክሞኛል፣ ሞቆኛል። ምንድን ነው ብዬ ሳልጨርስ እጄ ቀደመ።

ድው አለ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ብርሃኑን ነው፤ ሕመም እንኳ አልነበረውም። ጎረቤቶች ምንጣፍ ይዘው ገብተው ጠቅልለው አጠፉኝ። ድሪያዋ ተቃጥላ አላለቀችም፤ ቀልጣ ከአንገቴ፣ ከደረቴና ከቀኝ ክንዴ ጋር ተጣበቀች። የፊቴ ቀኝ ጎን ከጆሮዬ እስከ አፌ ጫፍ ነደደ። አንዷ ሴት የጥርስ ሳሙና አምጥታ ቀባችኝ፤ ሌላዋ ቲማቲም ቆርጣ ለጠፈችብኝ። ሁሉም ሊረዱኝ ነውና አልወቅሳቸውም። ግን ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሰዎች አንዲት ነገር ያዙልኝ፤ የተቃጠለ ሰው ላይ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅቤ ወይም እንቁላል አትቀቡ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ያውም ሳትሰለቹ እስከ ሃያ ደቂቃ ድረስ አፍስሱበት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ቤት ነው። እኔ ይህን የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ዓርብ፣ ያውም የቀኑ ጫት ከተማ ገብቶ ሾፌሩ ሁሉ ለመቃም የተቀመጠበት ሰዓት ነውና ታክሲ ጠፋ። ሰኒና ሁለት ጎረቤቶች ደግፈው በአቅራቢያችን ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ተረኛው ሰውዬ ክንዴን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «ያምምሻል?» አለኝ።

«እዚህ ጋ ብዙም አያምመኝም። ፊቴና አንገቴ ነው።»

«ላይ ላዩን ነው እንግዲህ። በአሥር ቀን ትድኛለሽ።» ቅባት ቀብቶ፣ በፋሻ ጠቅልሎ ሸኘን።

ደስ ብሎን ተመለስን። የማያምመው ቃጠሎ ክፉው መሆኑን ማን ነግሮን! ቆዳው ከነስሜቱ ሞቶ ነው የማያምመው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ሰኒ ወደ ሌላ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ ደግሞ ፋሻውን ሳይፈቱ «ወባ ነው» ብለው ክኒን ሰጡን። ሦስት ቀን የወባ መድኃኒት እየዋጥኩ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ እየቃዠሁ ተኛሁ። ሰኒ ያለ ዕረፍት በካርቶን ታራግብልኝ ነበር። ስለ ምድጃው ምንም አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

በስድስተኛው ቀን እትዬ ጽጌ መጡ። እትዬ ጽጌን የምናውቃቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። አያታቸው በባቡሩ ዘመን ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ካርቲየ 5 ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። ፈረንሳይኛውንም ዓረብኛውንም ሶማልኛውንም እንደ አማርኛቸው ያቀላጥፉታል። ገና ከበሩ ቆሙ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«መድኃኒቱ ነው፣ እትዬ» አለች ሰኒ።

«መድኃኒት እንዲህ አይሸትም።» ገቡና የፋሻውን ጫፍ ገለጥ አድርገው መልሰው ሸፈኑት። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ወባ ያለው ማን ነው? ተነሽ አንቺ ልጅ፣ ታክሲ ጥሪ! አሁኑኑ!»

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ በአልጋ ላይ ሆኜ ብዙ ጠበቅን። እትዬ ጽጌ ሰው ባለፈ ቁጥር ተነሥተው በፈረንሳይኛ ይቆጡ ነበር። በመጨረሻ ያየኝ ሐኪም ቁስሉ ጥልቅ መሆኑን፣ መመረዙን፣ ሁለት ቀን ብንዘገይ ኖሮ ምናልባት አልተርፍም እንደነበር ነገራቸው። እትዬ ለእኔ የተረጎሙልኝ «በጊዜ መጥታችኋል ይላል» ብለው ነው።

ሁለት ወር ተኛሁ። የሞተው ቆዳ ተነሣ፤ ከጭኔ ላይ ስስ ቆዳ ተገፍፎ ክንዴና አንገቴ ላይ ተለጠፈ። ያ ጭኔ ላይ የቀረው ቁስል ከዋናው በላይ ያቃጥል ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የቁስል እጥበት ነው። ከሌሊት ጀምሮ የምፈራው እሱን ነበር። ጠዋት የእጥበቱን ዕቃ የምትጭነው ጋሪ ጎማ ሲንጫጫ ስሰማ በግራ እጄ የአልጋውን ብረት እይዝ ነበር።

ቁስሌን የምታጥበው ነርስ ሀዋ ትባላለች። ልጅነቷን ድሬዳዋ ዘመድ ቤት ስላሳለፈች አማርኛ ትችላለች። «አባዮ» ትለኛለች፣ በሶማልኛ እህቴ እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስጮህባት ቆም አለችና እንዲህ አለችኝ፦

«እንስማማ። ግራ እጅሽ ደህና ነው አይደል? ጣትሽን ስታነሺ እኔ አቆማለሁ። ሦስት ጊዜ ትተነፍሻለሽ። ከዚያ እቀጥላለሁ።»

«ካላቆምሽስ?»

«ካላቆምኩ ስደቢኝ። በአማርኛ፣ በደንብ እንዲገባኝ።»

አንድም ቀን ሳታቆም ቀርታ አታውቅም። ሕመሙ አልቀነሰም። ግን በዚያ ሁለት ወር ውስጥ በእኔ ሰውነት ላይ የእኔ ቃል የሚሰማበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር።

ሰኒ ሥራዋን ተወች። ማታ ማታ ከአልጋዬ ሥር ካርቶን አንጥፋ ትተኛለች። ምግብ ታመላልሳለች፣ ሽንቴን ትደፋለች፣ ፀጉሬን ታጥባለች። ለጠያቂ ሁሉ «ምድጃው አሮጌ ነበር፤ ፈነዳ» ትላለች። ይህን ባለች ቁጥር እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ምድጃው አሮጌ አልነበረም፤ አብረን ነው የገዛነው። ማን እንደሞላው፣ በምን እንደሞላው አውቃለሁ። ግን አልናገርም። ከእጇ አልጎርስም። ሀዋ ወይም የአጠገብ አልጋ አስታማሚ ካላጎረሰችኝ አፌን አልከፍትም። ሰኒ ማንኪያውን ይዛ ትቆይና ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን የአጠገቤ በሽተኛ እናት «ምን አድርጋሻለች ይህቺ ልጅ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኳት።

እውነቱን ልናገር፤ ዝምታዬ ጣፍጦኝ ነበር። ሁሉ ነገር ከእጄ ወጥቶ እሷን መቅጣት ብቻ ነበር የቀረኝ።

የጋቦዴዋ አሠሪዬ አንድ ጊዜ ቴምርና ጭማቂ ይዛ መጥታ አልቅሳ ሄደች። ከወር በኋላ ሾፌሯ የልብሴን ሻንጣ አመጣልኝ። በዚህም አልፈርድባትም፤ ቤቷ ሰው ይፈልጋል። ሻንጣውን ሳየው ግን እኔ ከዚያ ቤት እንደ አሮጌ መጥረጊያ እንደወጣሁ ገባኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ ክፍላችን ውስጥ መስታወት አልነበረም። ሰኒ አንሥታዋለች። ፊቴን መጀመሪያ ያየሁት በተዘጋ ስልክ ጥቁር ስክሪን ላይ ነው። ቀኙ ጉንጬ ቀይና ወጣ ገባ ሆኗል፤ የአፌ ጫፍ ወደ ታች ተጎትቷል። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። አላለቀስኩም። ማልቀስ እንኳ ደክሞኝ ነበር።

ሰዎች «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» እያሉ መጡ። ለእነሱ አልቋል። ለእኔ ግን የጀመረው ያኔ ነው። ጠባሳ እንደሚያሳክክ ታውቃላችሁ? እንደ ጉንዳን መንጋ ነው፤ ማከክም አይቻልም። አንገቴ ወደ ደረቴ እየተሳበ፣ ጣቶቼ እየተኮማተሩ ሄዱ። እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ፣ እዚህ ኪኔ ይሏታል፣ በየቀኑ ጣቶቼን እንዳጥፍና እንድዘረጋ አሳየችኝ። ቤት ስገባ አልሠራውም። ለማን ብዬ?

ጎረቤት ክብሪት ሲጫር እሰማለሁ፤ በቆርቆሮ ግድግዳ ውስጥ ምን የማይሰማ አለ! በሰማሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል፣ ትንፋሼ ያጥረኛል። የአከራያችን ጄኔሬተር ሲነሣ ከአልጋዬ ሥር የገባሁበት ቀን አለ። ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ አልወጣም። ስወጣም እንደ አንዳንድ የሰፈሩ ሴቶች በጥቁር ሻሽ ከዓይኔ በቀር ሁሉን እሸፍናለሁ። ሻሹን ወደድኩት። በውስጡ ማንም አልነበርኩም።

አንዳንዶች «መንፈስ ነው» አሉ። ቄሱ ዘንድ ወሰዱኝ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጸልየውልኝ ሲያበቁ «ጠበሉን ጠጪ፤ ሐኪምሽንም እንዳትተዪ። ሁለቱ አይጣሉም» ብለው ሰደዱኝ።

ነገሩን የነቃችበት ሀዋ ናት። ለቁጥጥር በሄድኩበት ቀን ክንዴን አገላብጣ አየችና «ቆዳው ጥሩ ይዟል፤ ጣትሽ ግን ለምን ደረቀ?» አለች። እጄን ሻሼ ውስጥ ሸሸግኩ። «ትተኛለሽ? ትበያለሽ? ከሰው ታወሪያለሽ?» እትዬ ጽጌ አብረውኝ ነበሩ፤ እሳቸው መለሱ፦ «ምንም አታደርግም። ግድግዳ ታያለች።»

ሀዋ በሳምንት አንድ ቀን ወደሚመጡ የአእምሮ ሐኪም ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ሳይ ተቆጣሁ።

«እኔ እብድ ነኝ እንዴ?»

«እብድ ብትሆኚ ይህን አትጠይቂም ነበር» አሉ እትዬ ጽጌ። «ግቢ።»

ሐኪሟ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ነበሩ። ረጅም ነገር በፈረንሳይኛ ተናገሩ። እትዬ ጽጌ «አትፍሪ ይሉሻል» አሉኝ።

«ያን ሁሉ ተናግረው ይህ ብቻ ነው?»

«ዋናው እሱ ነው።»

ሐኪሟ ነገሩ ገብቷቸው ሳቁና በአጭር በአጭሩ እያሉ እንደገና ጀመሩ። እሳቱ ጠፍቷል፤ ሰውነቴ ግን መጥፋቱን ገና አላመነም። ስለዚህ ክብሪት ሲሰማ እንደገና ይሸሻል። ይህ ከአደጋ በኋላ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ሕመም ነው፤ ስም አለው፣ ሕክምናም አለው። ከእምነት ማነስ ወይም ከፈሪነት የመጣ አይደለም። ይህን ስሰማ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። እትዬ ጽጌ መተርጎማቸውን ትተው አብረው አለቀሱ። ሐኪሟ ለሁለታችንም ውሃ ቀዱልን።

የሰጡኝ የቤት ሥራ ይህ ነበር። መጀመሪያ የክብሪት ቀፎ ሳልከፍት በእጄ እንድይዝ። ከዚያ እንድከፍተው። ከዚያ ሌላ ሰው በሩቅ ሆኖ ሲጭር እንዳይ፤ ከዚያ በቅርብ። ፍርሃቱ ሲመጣ ሳልሸሽ እስኪያልፍ እንድቀመጥ። ሳምንታት ፈጀ። ቀፎውን መያዙ ብቻ አሥር ቀን ወሰደብኝ። «ሌላ ሰው» የሚለው ላይ ስደርስ ሰኒን ጠራኋት። ሚያዝያ ገብቷል፤ ከአደጋው ዘጠኝ ወር ሆኖታል።

«በር ጋ ቁሚና ጫሪ» አልኳት።

ክብሪቱን ተቀበለች። እንጨቷን አወጣች። ወደቀችባት። ሌላ አወጣች፤ ተሰበረች። ያኔ ነው አንድ ነገር ልብ ያልኩት። በዚያች ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ወር ሙሉ እሳት ነዶ አያውቅም። ዳቦው፣ ፉሉ፣ ሻዩ ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ለእኔ ብላ ይመስለኝ ነበር። እሷም መጫር አትችልም ነበር።

መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እታለም፣ እኔ ነኝ። ላምባ መስሎኝ ቤንዚኑን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ተነሥታ ቆመች። እህቴ እንዲያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ዘጠኝ ወር ሙሉ! ሽንትሽን ስደፋ፣ እንቅልፍ አጥቼ ሳድር፣ ማንኪያ ይዤ ስለምንሽ፣ እያወቅሽ! ብትመቺኝ ምን ነበረበት? ብትሰድቢኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ባወቀች ጊዜ ትሞትብኛለች እያልኩ በየቀኑ ስሞት ነበር!»

በሩን ወርውራ ወጣች። ማታ አልተመለሰችም። እትዬ ጽጌ ደውለው «እኔ ጋ ናት» ብለው ዘጉት። የተቆጡት በማናችን ላይ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ብቻዬን ሁለት ቀን ዋልኩ። ውሃ በግራ እጄ ቀዳሁ። ዳቦ የሚያመጣ የለምና ሻሼን ለብሼ ወጥቼ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ፀሐዩ ሳይበረታ ወደ ካርቲየ 5 በእግሬ ተነሣሁ። ሩቅ አይደለም። ግን ማንም የማይነግራችሁ ሌላ ነገር አለ፤ የተለጠፈ ቆዳ አያልበውም። ሰውነት በሌላው በኩል ብቻ ነው የሚተነፍሰው። መንገዱን ሳልጋምስ በዚያ ጥቁር ሻሽ ውስጥ ጭንቅላቴ ዞረ፣ ዓይኔ ጨለመ። አንድ ሱቅ ደጃፍ ግድግዳ ተደግፌ ሻሹን ገፈፍኩት። መውደቅና መታየት ፊቴ ቆመው መታየቱን መረጥኩ እንጂ ጀግንነት አልነበረም።

ሰው ያያል። ሁለት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ባለሱቁ ሽማግሌ በርጩማ አወጣልኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ። በሶማልኛ «እሳት ነው?» አለኝ።

«እሳት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈሻል» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ውሃዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

ሰኒ እትዬ ጽጌ ሱቅ ውስጥ ክር እየለቀመች ነበር። ፊቴን ገልጬ ስገባ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች።

«ምሳ በላሽ?» አልኳት። የመጣልኝ እሱ ነው።

«አልራበኝም።»

«ነይ ወደ ቤት።»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው እኔም እዚሁ እቀመጣለሁ።» ተቀመጥኩ።

እትዬ ጽጌ ከስፌት መኪናው ጀርባ ቀና ብለው «ሁለታችሁም ደንበኛ ልታባርሩብኝ ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ያኔ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። «ሰኒ፣ ሸቶኝ ነበር። ከመጫሬ በፊት ቤንዚን ሸቶኛል። ሸቶኝ እያለ ነው የጫርኩት። ሁሉን ባንቺ ላይ የጫንኩት እሱን እንዳላስብ ብዬ ነው።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከአደጋው ወዲህ ፊቴን ፊት ለፊት ያየችኝ ያኔ ነው። ከዚያ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለችና ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጣለች። «ይቅር» አልተባባልንም። ቃሉን ያልነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያውም በየተራ፣ ተጣልተን ስንታረቅ። የዚያን ዕለት ግን ስንመለስ ክንዴን ደግፋኝ ሄደች፤ እኔም አልነጠቅኳትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ ብላችሁ ዋሸሁ። የእጄን እንቅስቃሴ ሰኒ እየቆጠረች ታሠራኛለች፤ እሰድባታለሁ፣ ትሰድበኛለች፣ እንቀጥላለን። አንገቴ እንደገና ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሌላ ቆዳ ተለጠፈልኝ። ሁለታችንም ክብሪት መጫር የቻልነው በዓመቱ ነው፤ እሷ ከእኔ ቀደመች። ለሐኪሟ ቀጠሮ አንድ ቀን እሷም አብራኝ ገባች፤ ቀጥሎ ለብቻዋ መሄድ ጀመረች። ለእናታችን በስልክ ሁሉን ነገርናት። እስከ መጨረሻው ሰማችና «ሁለታችሁም አላችሁ?» አለች። «አለን።» «በቃ» አለች፤ ከዚያ ስልኩን ለጎረቤት ሰጥታ ስታለቅስ ተሰማን።

እትዬ ጽጌ ሱቃቸው ውስጥ ሥራ ሰጡኝ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ደንበኛ እቀበላለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ከኋላ ልቀመጥ» ብላቸው «ከኋላ ጨለማ ነው፣ የመርፌው ቀዳዳ አይታይሽም» ብለው በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። አሁንም እዚያው ነኝ። ሕፃናት ይጠይቁኛል፤ «እሳት ነው፣ አሁን አያምመኝም» እላቸዋለሁ። በሙቀቱ ወራት ግን ያሳክከኛል። አንዳንድ ጠዋት ከአልጋ መውረድ ያቅተኛል። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ወደ ቀድሞው ተመልሼ ወደቅሁ እል ነበር። አሁን ቀኑ እንደሚያልፍ ስለማውቅ ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ።

ካቻምና ሀዋ ደወለችልኝ። አንዲት የአገሬ ልጅ ተቃጥላ ገብታለች፣ ምግብ እምቢ ብላለች፣ አማርኛ ብቻ ነው የምትችለው፤ «አባዮ፣ ትመጪ?» አለች። መሄድ አልፈለግሁም። ያንን ኮሪደር ካየሁት ቆይቻለሁ። ለሰኒ ስነግራት «እኔም እመጣለሁ» አለች።

ልጅቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። የዘይት መጥበሻ ነው የተደፋባት። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ የመድኃኒቱ ሽታ ያው ነው። እንደ ምንም ገብቼ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። በፋሻው መካከል በአንድ ዓይኗ ፊቴን ብዙ ጊዜ አየች። አስቀድሜ ያሰብኩት የማጽናኛ ቃል ሁሉ ጠፋብኝ።

«ጠባሳው ይለቃል?» አለችኝ።

«አይለቅም» አልኳት። «ይለዝባል። ሕመሙ ግን ይለቃል። ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይለቃል።»

ዓይኗን ጨፈነች። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ ተቀመጥኩ። ከቆይታ በኋላ «አንቺ እንዴት ትበዪ ነበር?» አለች። «በትንሽ በትንሹ። ጭማቂ በቀጭን ቱቦ» አልኳት። «እሱን እሞክራለሁ» አለች። ግማሽ ብርጭቆ ጠጣች። ሀዋ በበሩ አሻግራ አየችንና ሄደች።

ስወጣ ሰኒ በኮሪደሩ ጥግ ከአንዲት ጎልማሳ ሴት አጠገብ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ መሬት መሬት ታያለች። የልጅቱ አክስት ናት። መጥበሻውን ያዘነበለችው እሷ ናት አሉ፤ ከአልጋው አጠገብ መድረስ አቅቷት ሦስት ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰኒ አታወራም፣ አታባብልም። ተቀምጣለች ብቻ። እኔ በወዲያ በኩል ቆሜ ጠበቅኳቸው። ብዙ ቆይተው ሰኒ ዝቅ ብላ አንድ ሁለት ቃል አለቻት። ከዚያ ሴትዮዋ ተነሣች፤ ሰኒ በክንዷ ይዛ እስከ ክፍሉ በር አደረሰቻትና ለቀቀቻት። ሴትዮዋ ገባች።

ሚኒባስ ውስጥ ሁለታችንም ደክሞን ሰውነታችን ዝሎ ነበር። ጥቂት ሄደን ጠየቅኳት፦

«ምን አልሻት?»

«ምንም» አለች ሰኒ። «ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልበላሁም አለች። ከዚያ እኔም እንዳንቺ ነኝ አልኳት። እህቴ ያቺውልሽ፣ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው አልኳት።»